ጊት የማያየው ግጭት

ፊንላንዳዊው ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊኑክስ በሺህ የሚቆጠሩ ፕሮግራመሮች በየአገራቸው ሆነው የሚያሻሽሉት ሶፍትዌር ነው። ይህን ሁሉ ሥራ ለማዋሐድ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 ጊት የተባለውን ፕሮግራም ሠራ። ፕሮግራመሩ በራሱ ቅጂ ላይ ሠርቶ ሲጨርስ፣ ሥራው ከዋናው ኮድ ጋር እንዲዋሐድ ለኃላፊው ጥያቄ ያቀርባል። ይህም «ፑል ሪኩዌስት» ይባላል።

ጊት ሁለቱን ቅጂዎች ከተነሡበት የጋራ ቅጂ ጋር ያነጻጽራል። ለውጦቹ የተለያየ ቦታ ከነኩ ሁለቱንም ይቀበላል፤ አንዱን መስመር በተለያየ መንገድ ከለወጡት ግን ግጭት መኖሩን አስታውቆ ውሳኔውን ለሰው ይተዋል።

ይሁንና አደገኛው ግጭት ጊት የማያስታውቀው ነው። አንዲት ተማሪ ርቀትን በሜትር ይሰጥ የነበረውን ፋንክሽን ወደ ኪሎ ሜትር ለወጠች እንበል። በዚያው ሳምንት ሌላ ተማሪ፣ ውጤቱ በሜትር መሆኑን አምኖ፣ ፍጥነትን የሚያሰላ አዲስ ፋይል ጨመረ። መስመሮቹ ስለማይነካኩ ውህደቱ ያለ እንከን ያልፋል፤ የሚሰላው ፍጥነት ግን ከትክክለኛው 1/1000 ብቻ ይሆናል። የሁለቱም ሥራ ለየብቻው ትክክል ነበር፤ ስሕተቱ የተወለደው ከውህደቱ ነው።

በሊኑክስ አዲስ ሥራ የሚዋሐደው በ2 ሳምንት ውስጥ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ከ6 እስከ 8 ሳምንታት ለፍተሻና ለእርማት ይውላሉ።

እናንተም የቡድን ሥራችሁን ስታዋሕዱ፣ ከውህደቱ በፊት ያደረጋችሁትን ፍተሻ ከውህደቱ በኋላ መድገም አትዘንጉ። ጊት መስመሮችን እንጂ ትርጉማቸውን አያነብምና።