አሮጌ ወፍጮ ሲሰበር ምን እናድርግ?

ወፍጮ ቤት ሲቆም መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል። የሞተሩ ድምፅ ይጠፋል። እህል ተሸክመው የመጡ ሴቶች እንደ ተሸከሙ ይመለሳሉ፤ ወይም ሌላ ቀበሌ ድረስ ይጓዛሉ። መንገዱ የራቀባት ደግሞ ሌሊቱን በድንጋይ ስትፈጭ ታድራለች። ስለዚህ የወፍጮ መሰበር የባለ ወፍጮው ጉዳት ብቻ አይደለም፤ የሁላችንም ጉዳት ነው።

ወፍጮው አሮጌ ከሆነ፣ «ዕድሜው አልቋል፤ ለብረታ ብረት ነጋዴ ይሸጥ» የሚል ሰው አይጠፋም። ነገር ግን ብዙ አሮጌ ሞተሮች የተሠሩት እየተፈቱ እንዲታደሱ ነው። ለምሳሌ ሊስተር የሚባለውን የናፍታ ሞተር እንመልከት። ይህ ሞተር በእንግሊዝ አገር፣ ደርስሊ በምትባል ከተማ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1930 አካባቢ መሠራት ጀመረ። በጣም የታወቀው ዓይነት 6 የፈረስ ጉልበት አለው፤ በደቂቃም 650 ጊዜ ብቻ ይዞራል። በቀስታ ስለሚዞር ቶሎ አያልቅም። ፋብሪካው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1987 ይህን ሞተር መሥራት አቆመ። ይሁን እንጂ ሕንድ አገር፣ ራጅኮት በምትባል ከተማ ያሉ ፋብሪካዎች አምሳያውን ከነመለዋወጫው ሠርተዋል። እንግዲህ ፋብሪካው ሥራውን ማቆሙ የሞተሩ ሞት አይደለም ማለት ነው።

ዋናው ቁም ነገር ግን ይህ ነው፤ የተሰበረውን ከመቀየራችን በፊት የሰበረውን እንፈልግ።

የሰበረውን መፈለግ

ኩሽኔታ የሚሽከረከረውን ዘንግ የሚሸከም ዕቃ ነው። በሁለት የብረት ቀለበቶች መካከል የብረት ኳሶች አሉበት። ኩሽኔታ ሊሰበር ሲል አስቀድሞ ይናገራል፤ ይግላል፣ ይጮኻል፣ ዘንጉም ይወላለቃል።

እንበል፣ የአንድ ወፍጮ ኩሽኔታ ተሰበረ። አዲስ ተገዝቶ ገባ። ከጥቂት ወር በኋላ እንደገና ተሰበረ። «ዕቃው የማይረባ ነው» ተባለ። ጥፋቱ ግን ከድንጋዩ ሊሆን ይችላል። እንዴት ቢባል፣ የወፍጮው ድንጋይ ሲደንዝ ዱቄቱ አይልምም። ሠራተኛው ድንጋዮቹን ያጠብቃል። ሞተሩ ይከብደዋል። ጉልበት ከሞተሩ ወደ ወፍጮው የሚያስተላልፈው ቀበቶ፣ ማለት ቺንጋው፣ ይንሸራተታል። ሠራተኛው ቺንጋውንም ይወጥራል። ከመጠን በላይ የተወጠረ ቺንጋ ዘንጉን ወደ ጎን ይጎትታል። ኩሽኔታው ይግላል፤ ግራሶው ቀልጦ ይፈስሳል፤ በመጨረሻ ኩሽኔታው ይሰበራል። እንዲህ ሲሆን መድኃኒቱ ድንጋዩን መውቀር ነበር። ድንጋዩ ሳይወቀር አሥር ኩሽኔታ ቢገዛ ገንዘብ ማባከን ነው።

ድንጋይ ስንወቅር ዓይናችንን በመነጽር እንሸፍን። ከወቀርን በኋላም መጀመሪያ ጥቂት ጥራጥሬ ፈጭተን እንድፋው፤ አሸዋ አለበትና።

ቺንጋ ቶሎ ቶሎ የሚበጠስ ከሆነም ምክንያቱን እንፈልግ። ቺንጋው የሚዞርባቸው ሁለቱ መንኮራኩሮች ፑሌጃ ይባላሉ። በሁለቱ ፊት ላይ ሲባጎ ወጥረን እንይ። ሲባጎው ሁለቱንም እኩል ካልነካ ፑሌጃዎቹ ተዛንፈዋል፤ መስተካከል አለባቸው። ወፍጮው ሦስት ጠባብ ቺንጋዎች ጎን ለጎን የሚገቡበት ከሆነና አንዱ ቢበጠስ፣ ሦስቱንም አብረን እንቀይር። የቆዩት ስለ ረዘሙ አዲሱ ብቻውን ሸክሙን ይይዛል፤ እሱም ወዲያው ይበጠሳል።

ቁጥሩን ማንበብ

ፊደልና ቁጥር መማራችን እዚህ ላይ ይጠቅመናል። የኩሽኔታው ቀለበት ተጠርጎ ሲታይ ቁጥር ተቀርጾበታል። 6208 የሚል አገኘን እንበል። የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች 08 ናቸው። 8 ሲባዛ በ5 40 ይሆናል። ዘንጉ የሚገባበት ቀዳዳ ስፋት 40 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። የመጨረሻዎቹ አኃዞች 04 እና ከዚያ በላይ ሲሆኑ በዚህ ዓይነት ኩሽኔታ ላይ ሒሳቡ ይሠራል።

አሁን 6308 የሚለውን እንመልከት። የዚህም ቀዳዳ 40 ሚሊ ሜትር ነው። ነገር ግን የ6208 የውጭ ስፋት 80፣ ውፍረቱም 18 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የ6308 የውጭ ስፋት 90፣ ውፍረቱም 23 ሚሊ ሜትር ነው። በአንዱ ቤት ሌላው አይገባም። አንዲት አኃዝ የተሳሳተ ሰው ከተማ ድረስ ሄዶ የማይሆን ዕቃ ይዞ ይመለሳል። ስለዚህ ቁጥሩን በወረቀት እንጻፍ። ከቁጥሩ ጋር የፈረንጅ ፊደል ካለ ቅርጹን እንዳለ እንገልብጥ። የተሰበረውንም ዕቃ ይዘን እንሂድ።

አዲሱን ኩሽኔታ ዘንጉ ላይ ስናስገባ የውጩን ቀለበት በመዶሻ አንምታ። ምቱ በኳሶቹ አልፎ ቀለበቱን ያጎደጉደዋል። በውስጠኛው ቀለበት ልክ የሆነ ቧንቧ ደግፈን ቧንቧውን ቀስ እያልን እንምታ። ዘንጉ ተበልቶ ኩሽኔታው ከላላ ደግሞ ቆርቆሮ መወተፍ አያዋጣም። ዘንጉ በብየዳ ተሞልቶ በቶርኖ መስተካከል አለበት፤ ወይም ይቀየር።

የሚጠገንና የማይጠገን

አንዳንዱ ዕቃ ይጠገናል፤ አንዳንዱ ግን መቀየር አለበት። በሞተሩ ራስና በሲሊንደሩ መካከል የሚገባው ጓርኒሲዮን ከተቃጠለ ይቀየራል እንጂ አይጠገንም። የድሮ ጓርኒሲዮን አስቤስቶስ የሚባል ቃጫ ሊኖርበት ይችላል። ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ካንሰር ያመጣል። ስለዚህ በውሃ እናርጥበው እንጂ በደረቁ አንፋቀው፤ በአፍም እፍ አንበለው።

የአሮጌ ወፍጮና ሞተር አካል ብዙውን ጊዜ ቀልጦ በቅርጽ የተቀዳ ብረት ነው። ይህ ብረት ጠንካራ ነው፤ ግን እንደ ሸክላ ይሰነጠቃል። በተራ ብየዳ ቢያያዝ ከጎኑ እንደገና ይሰነጠቃል። ጥሩ ሠራተኛ የስንጥቁን ጫፍ ይበሳዋል፤ ስንጥቁ እንዳይቀጥል ነው። ከዚያ ብረቱን አሙቆ በነሐስ ወይም ኒኬል ባለበት ዘንግ ይበይደዋል። በመጨረሻም አመድ ውስጥ ቀብሮ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ ያደርጋል።

አንድ ዕቃ ግን በምንም ዓይነት አይበየድ። እሱም የሞተሩ ከባድ መንኮራኩር ነው። የተሰነጠቀ መንኮራኩር እየዞረ ቢፈነዳ ሰው ይገድላል። ወፍጮው ለአንድ ወር ቢቆም ይሻላል።

ከሁሉ በፊት ጥንቃቄ

ምንም ነገር ከመንካታችን በፊት ሞተሩ ይጥፋ። መንኮራኩሩ እስኪቆም እንጠብቅ። ቺንጋውን እናውልቅ። ነጠላ፣ ጋቢ ወይም የተንዘረፈፈ ልብስ ለብሰን ወደ ቺንጋው አንጠጋ። ሕፃናትም ይራቁ። ለጥገና የወለቀው የቺንጋ መከለያ ሳይመለስ ሞተሩ አይነሣ።

ሌላው ደብተር መያዝ ነው። ድንጋዩ የተወቀረበት ቀን፣ ግራሶ የተጨመረበት ቀን፣ የኩሽኔታው ቁጥር፣ የተቀየረው ዕቃና ዋጋው ይጻፍ። አንድ ዕቃ ቶሎ ቶሎ ሲሰበር ደብተሩ ያሳየናል። ያን ጊዜ ሌላ ዕቃ ከመግዛታችን በፊት የሰበረውን እንፈልጋለን። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ!

ጥያቄዎች

1. ድንጋይ ሲደንዝ ኩሽኔታ እንዴት ሊሰበር ይችላል?
2. ኩሽኔታው 6206 የሚል ቁጥር ቢኖረው የቀዳዳው ስፋት ስንት ሚሊ ሜትር ነው?
3. የማይበየደው ዕቃ የትኛው ነው? ለምን?
4. በመንደራችሁ ወፍጮ ቤት ደብተር አለ? ከሌለ ምን ምን ቢጻፍበት ጥሩ ነው? ተወያዩበት።