«ከሚታወቀው ወደማይታወቀው» ለኮምፒዩተርም ይሠራል

በማስተማር ዘዴ ትምህርት ደጋግመን የምንሰማው መመሪያ አለ፤ ትምህርት ከሚታወቀው ተነስቶ ወደማይታወቀው ይሄዳል። ይኸው መመሪያ ለመሥሪያ ቤት የኮምፒዩተር ፕሮግራም ማለትም ለሶፍትዌር ዝግጅትም እንደሚያገለግል ባጭሩ እናያለን።

ፕሮግራም አዘጋጁ ሥራውን በወረቀት ከሰፈረው ደንብ ብቻ ካወቀው ይሳሳታል። አብዛኛው የሥራ ዕውቀት ያለው በሠራተኛው እጅና ዓይን ውስጥ ነው። ሠራተኛውም «እስቲ አስረዳን» ሲባል ሁሉንም በቃል መናገር አይሆንለትም። ታዲያ ምን ይደረግ?

ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 1985 በስዊድንና በዴንማርክ የተካሄደው «ዩቶፒያ» የተባለው ጥናት ነው። ያኔ ኮምፒዩተር ወደ ጋዜጣ ማተሚያ ቤቶች እየገባ ስለነበር የሕትመት ሠራተኞች ለሙያቸውም ለእንጀራቸውም ሰጉ። ማኅበራቸው ከተመራማሪዎች ጋር ተባብሮ ለሙያው የሚስማማ መሣሪያ መንደፍ ጀመረ። ተመራማሪዎቹ በመጀመሪያ ሐሳባቸውን በጽሑፍና በንድፍ አቀረቡ፤ ሠራተኞቹ ግን ከሥራቸው ጋር ሊያገናኙት አልቻሉም። ስለዚህ በካርቶንና በኮምፔንሳቶ የውሸት ኮምፒዩተር ተሠራ። ባዶ ካርቶን ላይ «ሌዘር ፕሪንተር» ተብሎ ተጻፈ። ሠራተኞቹ ፊቱ ተቀምጠው ልክ እንደ ሥራ ቀን ገጽ ማቀናበር ሲጀምሩ የጎደለው ነገር ታየ። ካርቶን ደግሞ ቢያፈርሱት አያሳዝንም።

ወደ ትምህርት ቤት እንምጣ። ሮስተር እንዴት ይሞላል? እያንዳንዱ መምህር የትምህርቱን ማርክ ለስም ጠሪው ያቀብላል፤ አንዱ ቀድሞ፣ ሌላው ዘግይቶ። ስም ጠሪው የደረሰውን እየሞላ የቀረውን ክፍት ይተወዋል። አሁን አንድ ፕሮግራም «የተማሪው ማርክ በሙሉ ካልገባ አልመዘግብም» ቢልስ? መምህሩ መጀመሪያ በወረቀት ይሞላል፣ ኋላ ወደ ኮምፒዩተር ይገለብጣል። ሥራው ቀለለ ሳይሆን ሁለት ሆነ ማለት ነው። ሲገለበጥ አንዲት ማርክ ብትሳሳት ደግሞ የሚጎዳው ተማሪው ነው።

ይህ ሲባል የድሮው አሠራር ሁሉ እንዳለ ይቀመጥ ማለታችን አይደለም። ድምሩን፣ አማካዩንና ደረጃውን ኮምፒዩተሩ ያስላው፤ ይችልበታል። መጠበቅ ያለበት ሥራው የሚሄድበት መንገድ ነው።

«አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ» ይባላል። እኛ ዕጩ መምህራን ከካርቶን መርጃ መሣሪያ መሥራት አያቅተንም። ነገ በምንመደብበት ትምህርት ቤት አዲስ ፕሮግራም ሊገባ ሲል ካርቶናችንን ይዘን እንቅረብ፤ «ሥራው የሚሄደው እንዲህ ነው» ብለን እናሳይ። ሳንለካ የተሰፋልንን ለብሰን ጠበበን ከማለት ቀድሞ መለካቱ ይሻላል።