ከተለያዩ ክፍሎች የተገጣጠሙ ጠፍጣፋ ፓራፋንጎ ጂፖችን መለየት፤ ለምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች የመስክ ጥናት የሚያገለግል ዘዴ

መግቢያ

ጭሮ፣ በቀድሞ ስሟ አሰበ ተፈሪ፣ ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 326 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደ ሐረር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የምዕራብ ሐረርጌ ዞን ዋና ከተማ ናት። መንገዱ ከሚኤሶ ቆላ ተነሥቶ ወደ ጨርጨር ደጋ ይወጣል፤ ከጭሮ አልፎ ወደ ሂርና ያመራል፤ ቅርንጫፉ ደግሞ በበደሳ በኩል ወደ ገለምሶ ይዘልቃል። ዳገትና ጭቃ በሚፈራረቁበት በእንዲህ ያለ አገር በአራት ጎማ የሚጎትት ቀላል መኪና ትልቅ ዋጋ አለው፤ አርጅቶም ቢሆን በቀላሉ አይጣልም፤ ይጠገናል።

በምሥራቅ ኢትዮጵያ መኪናን ከፋብሪካው ዕድሜ አሳልፎ ማኖር እንግዳ ነገር አይደለም። በሐረር ከተማ በታክሲነት የታወቁት ፔዦ 404 መኪኖች ፈረንሳይ ውስጥ መመረታቸው ካቆመ በኋላ ለዐሥርተ ዓመታት አገልግለዋል። የድሬዳዋ የባቡር ወርክሾፕም ከውጭ የማይገኝ መለዋወጫን በእጅ ሠርቶ በማውጣት ሙያ ስሙ የተጠራ ነው። ይህ ልማድ ለተመራማሪው አንድ ጥያቄ ያስነሣል። ሻንሲው ከአንድ መኪና፣ ሞተሩ ከሌላ፣ አካሉ ከሦስተኛ የመጣ ጂፕ ሲገኝ ምን ተብሎ ይመዘገባል? በሊብሬው ላይ «ዊሊስ» የሚል ቃል ብቻ መገኘቱ ጥያቄውን አይመልስም።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ነጥብ ይህ ነው፦ ከተለያዩ ክፍሎች የተገጣጠመ ጂፕ በአንድ የሞዴል ስም ሊጠራ አይገባውም፤ እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ተለይቶ፣ ማስረጃውም ከመኪናው ለመንቀል ባለው አስቸጋሪነት ልክ ተመዝኖ ሊመዘገብ ይገባል። ጉዳዩ የስም ብቻ አይደለም። ያልተለየ ክፍል የባለንብረቱን ሰነድ ያፋልሳል፣ ማርሽ ይሰብራል፣ የአካባቢውንም የትራንስፖርት ታሪክ ያዛባል።

የጂፖቹ ዘር

«ጠፍጣፋ ፓራፋንጎ» የሚባሉት የፊት ጎማ መሸፈኛቸው ቀጥ ያለና ከላይ ጠረጴዛ የሚመስል ጂፖች ናቸው። መነሻቸው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ከ1941 እስከ 1945፣ የተመረቱት የዊሊስ ኤምቢ እና የፎርድ ጂፒደብሊው ናቸው። ሁለቱ ፋብሪካዎች በአንድ ንድፍ በድምሩ ወደ 640 ሺህ የሚጠጉ ጂፖች አምርተዋል። ከጦርነቱ በኋላ ዊሊስ ለሲቪል አገልግሎት ሲጄ-2ኤን ከ1945 እስከ 1949፣ ሲጄ-3ኤን ከ1949 እስከ 1953፣ ሲጄ-3ቢን ደግሞ ከ1953 እስከ 1968 ሠርቷል። ከሲጄ-3ኤ የተወለደው ወታደራዊ ኤም-38 ከ1950 እስከ 1952 ተመርቷል። ቀጥለው የመጡት ኤም-38ኤ1 እና ሲጄ-5 ፓራፋንጋቸው የተጠማዘዘ በመሆኑ ከዚህ ወገን አይቆጠሩም፤ ሞተራቸው ግን ወደ ቀደሙት ሊገባ ይችላል። በተጨማሪም የህንዱ ማሂንድራና የጃፓኑ ሚትሱቢሺ ሲጄ-3ቢን፣ የፈረንሳዩ ሆችኪስ ደግሞ የጦርነቱን ጂፕ የሚመስለውን ኤም201 በፈቃድ አምርተዋል።

ኢትዮጵያና አሜሪካ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1953 የጋራ መከላከያ ስምምነት ከተፈራረሙ በኋላ የአሜሪካ ወታደራዊ ቁሳቁስ ወደ አገሪቱ በስፋት ይገባ ነበር። በ1977 ግንኙነቱ ሲቋረጥ በዚህ መንገድ የሚመጣው አቅርቦትም ቆመ፤ በቦታው የሶቭየት ተሽከርካሪዎች፣ በተለይም በሕዝቡ ዘንድ «ዋዝ» በሚል ስም የሚታወቀው፣ ገቡ። ስለዚህ አንድ አሜሪካ ሠራሽ ጂፕ ከዚያ ወዲህ መንቀሳቀሱን የቀጠለ ከሆነ፣ ክፍሎቹ ከየት እንደመጡ መጠየቅ የጥናቱ የመጀመሪያ ተግባር ይሆናል።

ማስረጃን መመዘን

የማስረጃው ክብደት የሚለካው ክፍሉን ለመቀየር በሚጠይቀው ድካም ነው። በዳሽቦርድ ላይ በብሎን የታሰረ የስም ሰሌዳ በደቂቃዎች ይነቀላል፤ አዲስም ይሠራለታል። ኮፋኖና የራዲያተር ፍርግርግ በግማሽ ቀን ይቀየራሉ። ሞተርና ካምቢዮ ሙሉ የሥራ ቀን ይጠይቃሉ። ሙሉ አካል ከሻንሲ ላይ ለማንሣት ብዙ ሰው ያስፈልጋል። ሻንሲ ግን ሌላው ሁሉ የሚታሰርበት በመሆኑ የመጨረሻው ተቀያሪ ነው። ምርመራውም በዚሁ ምክንያት ከሻንሲ ተነሥቶ ወደ ውጭ ይሄዳል እንጂ ዓይን መጀመሪያ ከሚያርፍበት ከፍርግርጉ አይነሣም።

ሻንሲ

በጦርነቱ ጊዜ ጂፖች ላይ ዊሊስን ከፎርድ የሚለየው ከራዲያተሩ ሥር ያለው የፊት ተሻጋሪ ብረት ነው። በዊሊስ ክብ ቱቦ ነው፤ በፎርድ ወደ ታች የተደፋ የሳጥን ቅርጽ አለው። ቁጥሩም የተለያየ ቦታ ይገኛል። ዊሊስ ቁጥሩን በትንሽ ሰሌዳ ላይ ጽፎ በግራው የሻንሲ ብረት የፊት ጫፍ፣ በውስጥ በኩል፣ በሪቬት አያይዞታል፤ ፎርድ ግን በቀጥታ በግራው ብረት የላይ ገጽ ላይ መትቶታል። ቁጥሩ በቀለምና በዝገት ሊሸፈን ስለሚችል ስፍራው በለስላሳ ብሩሽ ይጸዳል፤ በመፋቂያ ድንጋይ መፋቅ ግን ማስረጃውን ያጠፋል። በቁጥሩ ዙሪያ የብየዳ ጠባሳ መኖሩም ሆነ ሰሌዳው በብሎን መታሰሩ ለብቻው ይመዘገባል።

ፎርድ በብዙ ክፍሎቹ ላይ፣ በብሎኖቹ ራስ ላይ ጭምር፣ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ያትም ነበር። ነገር ግን በአንድ ጂፕ ላይ ጥቂት የፎርድ ብሎኖች መገኘታቸው ጂፑን ፎርድ አያደርገውም፤ ብሎን ከሁሉ በላይ የሚዘዋወር ክፍል ነውና።

አካልና ፍርግርግ

የጦርነቱ ጂፕ ፍርግርግ ዘጠኝ ክፍተቶች አሉት፤ የፊት መብራቶቹም ከፍርግርጉ በስተኋላ ገባ ብለው ተቀምጠዋል። በሲቪሎቹ ላይ ክፍተቶቹ ሰባት ናቸው፤ መብራቶቹም ትልልቅና ወደ ፊት የወጡ ናቸው። የጦርነቱ ጂፕ የኋላ ስፖንዳው አይከፈትም፤ ተጠባባቂ ጎማው ከኋላ ይንጠለጠላል፤ የነዳጅ መሙያው ከሾፌሩ መቀመጫ ሥር ነው። ሲጄ-2ኤ የሚከፈት የኋላ ስፖንዳ አለው፤ ተጠባባቂ ጎማው ወደ ቀኝ ጎን ተዛውሯል፤ የነዳጅ መሙያውም በግራ በኩል ወደ ውጭ ወጥቷል። ሲጄ-3ኤ አንድ ወጥ በሆነ የፊት መስታወቱና ከመስታወቱ ሥር ባለው የአየር ማስገቢያ ይለያል፤ ከእርሱ የቀደሙት መስታወታቸው ለሁለት የተከፈለ ነው። ሲጄ-3ቢ ደግሞ ከፍ ባለ ኮፋኖው ከሩቅ ይታወቃል።

እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። የመጀመሪያው፣ በግራ ጎን ያለው የአካፋና የመጥረቢያ ማስቀመጫ ጎድጓዳ ለብቻው የጦርነት ዘመን ምስክር አይሆንም፤ የመጀመሪያዎቹ ሲጄ-2ኤዎችም ይህን ቅርጽ ወርሰዋልና። ሁለተኛው፣ እ.ኤ.አ. ከ1944 ጀምሮ ዊሊስና ፎርድ አንድ ዓይነት አካል ይጠቀሙ ስለነበር የኋለኞቹን ጂፖች አምራች በአካላቸው መለየት አይቻልም። በዘመናችን ደግሞ በፊሊፒንስና በሌሎች አገሮች አዲስ አካል እየተሠራ ይሸጣል። አዲስ ላሜራ ከአሮጌ ሻንሲ ጋር የተዋሐደ እንደሆነ የብየዳ ነጥቦቹና የዝገቱ ልዩነት ያጋልጡታል።

ሞተር

የሞተር ቁጥሩ በብሎኩ የፊት ቀኝ ክፍል ላይ ተመትቶ ይገኛል፤ ከቁጥሩ የሚቀድሙት የላቲን ፊደላት ወገኑን ይናገራሉ። በጦርነቱ ሞተሮች ላይ ኤምቢ ወይም ጂፒደብሊው የሚል፣ በሲጄ-2ኤ ጄ፣ በሲጄ-3ኤ 3ጄ፣ በሲጄ-3ቢ 4ጄ፣ በኤም-38 ኤምሲ፣ በኤም-38ኤ1 ደግሞ ኤምዲ የሚል ምልክት አለ። በብሎኩ ጎን ከብረቱ ጋር አብሮ የተቀረጸው የቀረጻ ቁጥር ከዚህ የተለየ ነው፤ ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ስሕተት ነው።

ፊደላቱ ባይነበቡም የሞተሩ ቅርጽ ይናገራል። ሁለቱም ሞተሮች አራት ሲሊንደርና 2.2 ሊትር ይዘት አላቸው። የቀደመው 60 የፈረስ ጉልበት ያለው ሲሆን ቫልቮቹ ሁሉ ከሲሊንደሮቹ ጎን ናቸው፤ ራሱም ዝቅ ያለና ጠፍጣፋ ነው። የሲጄ-3ቢ ሞተር ግን የአየርና ነዳጅ ማስገቢያ ቫልቮቹ ወደ ላይ ስለወጡ ረጅም ነው፤ ኮፋኖው ከፍ ያለውም በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ዝቅተኛ ኮፋኖ ያለው ጂፕ ረጅሙን ሞተር ይዞ ከተገኘ፣ የተቆረጠ ኮፋኖ ወይም ዝቅ ተደርጎ የተበየደ የሞተር መያዣ መፈለግ ይገባል። የኤሌክትሪክ መሥመሩም ይጠቁማል፤ የጦርነቱ ጂፕ በ6 ቮልት፣ ኤም-38 በ24 ቮልት ይሠሩ ነበር።

ዲፈረንሻል፦ ስሕተት የሚያስከፍልበት ክፍል

ከላይ የተዘረዘሩት ስሕተቶች መዝገብ ያበላሻሉ፤ በዲፈረንሻል ላይ የሚሠራ ስሕተት ግን መኪናውን ራሱን ይሰብራል። በጦርነቱ ጂፕ ዲፈረንሻል ውስጥ ትልቁ ማርሽ 39፣ ትንሹ 8 ጥርስ አላቸው፤ ምጥነታቸው 4.88 ነው። በሲጄ-2ኤ፣ በሲጄ-3ኤና በኤም-38 ግን ጥርሶቹ 43 ለ8 ሲሆኑ ምጥነታቸው 5.38 ነው። ሁለቱ አክሰሎች በውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ ከሻንሲውም ጋር በቀላሉ ይገጥማሉ። ከፊት የአንዱ፣ ከኋላ የሌላው ቢታሰር የፊትና የኋላ ጎማዎች ፍጥነት በዐሥር ከመቶ ያህል ይለያያል።

በሁለት ጎማ ሲነዳ ጉድለቱ አይታወቅም። በአራት ጎማ ጭቃ ውስጥ ሲገባም ጎማው ስለሚንሸራተት ልዩነቱ ይዋጣል። ሾፌሩ ጭቃውን አልፎ አራቱን ጎማ ሳያላቅቅ ደረቅ አስፋልት ላይ ሲወጣ ግን የሚንሸራተት ነገር ስለሌለ ውጥረቱ ሁሉ ኃይል አከፋፋዩ ሳጥንና ዘንጎቹ ላይ ይወድቃል። ከጥርጊያ መንገድ ወደ አውራ ጎዳናው መውጣት የዘወትር ጉዳይ በሆነበት በጨርጨር ዳገት፣ ጭነት የያዘ ጂፕ በዚህ ሁኔታ ማርሽ ቢሰብር አደጋው የሰው ሕይወት ሊነካ ይችላል።

ምጥነቱን ሳይፈቱ ማወቅ ይቻላል። መኪናው ደልዳላ ስፍራ ቆሞ፣ በመሬት ላይ የሚቀሩት ጎማዎች በታኮ ከተያዙ በኋላ የሚመረመረው አክሰል አንድ ጎማ በክሪክ ይነሣል፤ ከሥሩም ጠንካራ ድጋፍ ይደረጋል። ካምቢዮውና ኃይል አከፋፋዩ ሳጥን ነጻ ይደረጋሉ፤ በዘንጉ ላይ በጠመኔ ምልክት ይደረጋል። የተነሣው ጎማ 20 ጊዜ ሲዞር ዘንጉ ወደ 49 ጊዜ ከዞረ ምጥነቱ 4.88፣ ወደ 54 ጊዜ ከዞረ 5.38 ነው። ሥራው በሁለቱም አክሰሎች ላይ ይደገማል። የኋላው ዲፈረንሻል እብጠት ያለበት ቦታም ይታያል፤ በእነዚህ ጂፖች ሁሉ ወደ ቀኝ ያዘነበለ ነው። መሐል ላይ ከተገኘ አክሰሉ ከሌላ ዘር የመጣ ነው።

ሰነዱን ማንበብ

የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 በሥራ ላይ ባለበት በአሁኑ ጊዜ የሻንሲና የሞተር ቁጥር የመኪናው መታወቂያ ናቸው። ሞተሩ ከዓመታት በፊት የተቀየረ፣ ለውጡ ግን በሊብሬው ያልሰፈረ ጂፕ በሽያጭ ወይም በውርስ ጊዜ ባለቤቱን ከተጠርጣሪነት ላይ ሊጥለው ይችላል። በጥንቃቄ የተዘጋጀ የክፍሎች መዝገብ ለውጡ የጥገና ውጤት መሆኑን ለማስረዳት ያግዘዋል።

የቆዩ ወረቀቶች የአስተዳደር ስያሜዎችን በማየት በግምት በዘመን ሊመደቡ ይችላሉ። «ሐረርጌ ጠቅላይ ግዛት» የሚል ወረቀት የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን፣ «ሐረርጌ ክፍለ ሀገር» የሚል የደርግን ዘመን ያመለክታል፤ «ምዕራብ ሐረርጌ» የሚለው መጠሪያ ከ1980 ዓ.ም. አስተዳደራዊ አከላለል ወዲህ የመጣ ነው። ከተማዋ በአሰበ ተፈሪ ወይም በጭሮ ስም መጠራቷም ረዳት ምልክት ነው፤ ይሁንና ሁለቱ ስሞች በሰው አንደበት ጎን ለጎን ስለኖሩ ለብቻው አይበቃም። እነዚህ ሁሉ የምዝገባውን ጊዜ እንጂ የመኪናውን የምርት ዘመን አያሳዩም።

ማጠቃለያ

በዚህ ዘዴ የሚደረስበት ውጤት አንድ ስም ሳይሆን አጭር ዝርዝር ነው። ለምሳሌ፦ «ሻንሲ፣ የፎርድ ጂፒደብሊው፤ ቁጥሩ በከፊል የሚነበብ። አካል፣ ሲጄ-2ኤ። ሞተር፣ ኤምሲ። የፊት ዲፈረንሻል 4.88፣ የኋላ 5.38፤ በአራት ጎማ መንዳት አይገባም።» እንዲህ ያለው መዝገብ ለባለንብረቱ ማስረጃ፣ ለመካኒኩ ማስጠንቀቂያ፣ ለታሪክ ተመራማሪው ምንጭ ይሆናል። ከመዝገቡ ጎን መኪናውን የጠገኑ ሰዎች ቃል ሊቀዳ ይገባል፤ የትኛው ክፍል መቼና ለምን እንደተቀየረ ብረቱ ሙሉ በሙሉ አይናገርምና።

ከተለያዩ ክፍሎች የተገጣጠመ ጂፕን «ኦርጅናል አይደለም» ብሎ ከጥናት ማውጣት መለዋወጫ በጠፋበት ዘመን የተሠራን የእጅ ሙያ ከታሪክ መዝገብ መሰረዝ ነው። በሌላ በኩል በሰሌዳው ላይ ያለውን ስም አምኖ መቀበል የተሳሳተ መረጃን ማጽደቅ ይሆናል። ትክክለኛው አካሄድ ክፍሉን ከክፍል ለይቶ የታየውን ያህል ብቻ መጻፍ ነው።