ድምፁ አንድ፣ ትርጉሙ ሌላ

የዛሬው ጽሑፍ በተለይ ለኛ ለሰባተኛ ክፍሎች ነው። ስድስተኛ ክፍሎችም አንብቡት፣ ለከርሞ ተራው የናንተ ነው።

እስከ አምና ሒሳብና ሳይንስ በአማርኛ ስለነበር ድምር ሲባል ድምር ነው፣ አለቀ። ዘንድሮ በእንግሊዝኛ ሆነ። መምህር ኖት ሲያስጽፉን «ሰም» ይላሉ። በኤስ፣ ዩ፣ ኤም ከተጻፈ ድምር ነው። በኤስ፣ ኦ፣ ኤም፣ ኢ ከተጻፈ ግን «ጥቂት» ማለት ነው። ጆሮ አይለያቸውም። «ሴል» ደግሞ ይብሳል። በሲ ሲጀምር ሕዋስ፣ በኤስ ሲጀምር መሸጥ ነው። ስለ እንስሳት ሕዋስ የተማረ ልጅ በኤስ ከጻፈው ቤቱ ገብቶ የከብት ንግድ ሊያጠና ነው!

«ዌይት»ም ሁለት ነው፣ ክብደትና መጠበቅ። ክብደት የሆነው መሀሉ ላይ የማይነበቡ ጂ እና ኤች አሉት። ታዲያ ካልተነበቡ ለምን ይጻፋሉ? ድሮ ይነበቡ ስለነበር ነው። ቢላ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል መጀመሪያ ላይ ያለው ኬም ድሮ ይነበብ ነበር። ዊልያም ካክስተን የሚባል ሰው በ1476 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ማተሚያ ካቋቋመ በኋላ አጻጻፉ ቀስ በቀስ እየረጋ ሄደ፣ አነጋገሩ ግን መለወጡን አላቆመም። በነሱ ብቻ እንዳንስቅ፣ እኛም ጋ አለ። በግእዝ ፀሐይ «ሠረቀ»፣ ሌባ ደግሞ «ሰረቀ» ነው። ሁለቱ ፊደላት ጥንት ድምፃቸው የተለያየ ነበር፣ ዛሬ አንድ ሆኗል።

መለያው ምንድነው? ከጎኑ ያለውን ቃል ማየት ነው። ከቁጥሮች ጋር የመጣ «ሰም» አብዛኛውን ጊዜ ድምር ነው። አንዳንዱ ደግሞ መያዣ ዘዴ አለው። «ሂር» መስማትም ነው፣ እዚህም ነው። መስማት የሆነው መጨረሻው ላይ ኢ፣ ኤ፣ አር አለው፣ እሱ ብቻውን ሲጻፍ ጆሮ ማለት ነው። በጆሮ አይደል የምንሰማው!

ይሄም ካልሠራ እጅ አውጥቶ «መምህር፣ ስፔሊንጉን ይንገሩን» ማለት ነው። ብዙዎቻችን እናፍራለን፣ ግን ፈተናው የሚመጣው ለኛው ነው። መምህሮቻችንም አዲስ ቃል ሲመጣ ሰሌዳ ላይ ብትጽፉልን በጣም ደስ ይለናል።

እስቲ ጥያቄ፦ «ፕሌን» አንዱ አውሮፕላን፣ አንዱ ሜዳ ነው። በኢ የሚያልቀው የትኛው ነው? መልሱን በወረቀት ጽፋችሁ ለክበባችን አባላት ስጡ።