ፊቱ የሚናገረው፣ ብሩ የሚመሰክረው

የጥንት ሮማ ሳንቲም የሚሰበስቡ ሰዎች ዓመቱ ሲያልቅ በወራቱ ውስጥ የገዟቸውን ዘርግተው፣ እያመዛዘኑ፣ ከሁሉ የሚወዷቸውን ጥቂቶች የመለየት ልማድ አላቸው። አብዛኛውን ጊዜ የሚመረጡት ብርቅ የሆኑት፣ ሳይፋቁ የቆዩትና ዋጋቸው የከበደው ናቸው። እኔ ግን ምርጫው በሌላ መለኪያ ቢሆን እላለሁ። የሮማ ሳንቲም ሁለት ቃል የሚሰጥ ሰነድ ነው። የተቀረጸበት ምስልና ጽሑፍ ገዢው ሕዝቡ እንዲያምንለት የፈለገውን ይናገራል፤ የተመታበት ማዕድን ደግሞ የገዢውን እውነተኛ አቅም ያጋልጣል። ሁለቱ ቃሎች የሚጋጩበት ሳንቲም፣ ያረጀና ርካሽ ቢሆንም፣ ቀዳሚውን ቦታ ሊይዝ ይገባዋል።

ለዚህ ከማርክ አንቶኒ የሌጌዎን (የሮማ ክፍለ ጦር) ዲናር የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። አንቶኒ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ32 እና በ31 ከኦክታቪያን ጋር ለመጨረሻው ፍልሚያ ሲዘጋጅ ለጦሩ ደመወዝ የሚሆን ብር በብዛት አስመታ። በፊቱ የጦር መርከብ አለ፤ በጀርባው በሁለት የጦር ዓርማዎች መካከል የሌጌዎኑ ንስር ቆሞ ቁጥሩ ተጽፎበታል። ምስሉ ድልን ያውጃል፤ ድሉ ግን በአክቲየም የባሕር ውጊያ ለኦክታቪያን ሆነ። ብሩም በጊዜው ከነበሩት ዲናሮች ይልቅ መዳብ የበዛበት ነበር፣ ሳንቲሙን ዕድሜ የሰጠውም ይኸው ጉድለቱ ነው። ሰው ጥሩውን ብር ያስቀምጠዋል ወይም ያቀልጠዋል፣ የተበረዘውን ለገበያ ይለቀዋል። ስለዚህ የተሸናፊው ገንዘብ በአሸናፊው ግዛት ውስጥ ከ200 ዓመት በላይ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ በ3ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከተቀበረ ገንዘብ መካከልም ይገኛል። ብዙዎቹ ንስሩ ሊጠፋ እስኪቃረብ የተፋቁት ለዚህ ነው። የተፋቀ ሳንቲም ለዓይን አያምርም የሚል ሰው አልተሳሳተም፤ እዚህ ላይ ግን መፋቁ ራሱ ማስረጃ ነው። እንደ ተመታ የቀረው ስለ አንቶኒ ዕቅድ ይነግረናል፣ የተፋቀው ስለ ሁለት ምዕተ ዓመት ገበያ። ሁለቱ ቢቀርቡልኝ የተፋቀውን እመርጣለሁ።

ከአንቶኒ በኋላ ብረዛው የጦርነት ጊዜ መላ መሆኑ ቀርቶ የመንግሥት አሠራር ሆነ። ኔሮን እ.ኤ.አ. በ64 ከአንድ ሊብራ (የሮማ ክብደት መለኪያ) ብር ይመታ የነበረውን 84 ዲናር 96 አደረገው፣ ንጽሕናውንም ቀነሰ። በአውግስጦስ ጊዜ 98 በመቶ ገደማ ንጹሕ የነበረው ብር በሴፕቲሚየስ ሴቬረስ ዘመን ወደ ግማሽ ወረደ። ልጁ ካራካላ በ215 የጨረር አክሊል የደፋ ምስሉን የያዘ አዲስ ሳንቲም አወጣ፤ ብዙ ተመራማሪዎች እንደሚሉት የሁለት ዲናር ዋጋ ተሰጥቶት ነበር፣ ክብደቱ ግን አንድ ዲናር ተኩል ያህል ብቻ ነው። በ268፣ በጋሊየነስ ዘመን ማብቂያ፣ ከመዳቡ ላይ የቀረው ስስ የብር ቅብ ነበር፤ ከመቶው ብሩ አምስት እጅ አይሞላም። የዚህ ቄሣር አባት ቫሌሪያን በፋርሶች ተማርኳል፣ ጎል ተገንጥላለች፣ ምሥራቁን በተግባር የምታስተዳድረው ፓልሚራ ናት። በዚህ ጭንቅ መካከል የሮማ ገንዘብ መምቻ ቤት አማልክቱን የሚማጸኑ ሳንቲሞች በተከታታይ አወጣ፤ ለዲያና አጋዘንና ሚዳቋ፣ ለአፖሎ ግማሽ ሰው ግማሽ ፈረስ የሆነው ሴንቶር፣ ለሊበር ግስላ። አምላኩ ሁሉ የቄሣሩ ጠባቂ ተብሎ ተጽፎለታል። እንስሳቱ በጥቂት መስመር ሕይወት የተዘራባቸው ናቸው፤ የተመቱበት መዳብ ግን ጠርዙ የተሰነጠቀ፣ ቅርጹ የተዛባ ነው። ጋሊየነስም በዚያው በ268 በገዛ መኮንኖቹ ተገደለ። የመንግሥት ልመናና የመንግሥት ባዶ ካዝና በአንድ ጥፍር በምታህል ክብ ላይ እንዲህ ተገናኝተው የሚታዩበት ሌላ ሰነድ ማግኘት ይከብዳል።

ሕዝቡ ሳንቲም ይቆጥር ነበር እንጂ መች ያነብ ነበር የሚል ብርቱ ተቃውሞ አለ። የሮማ ታሪክ ሊቁ ኤ. ኤች. ኤም. ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1956 በምስሎቹ ፖለቲካዊ ክብደት ላይ ይህን መሰል ጥርጣሬ አንሥቷል። በከፊል ልክ ነው፤ አትክልት ሻጯ በአሕጽሮት የተጻፈውን የቄሣር ማዕረግ ሁሉ ትፈታ ነበር ብሎ መከራከር አይቻልም። ይሁንና ብሩተስ ዩልዮስ ቄሣርን ከገደለ በኋላ ሁለት ጩቤና ነፃ የወጣ ባሪያ የሚያደርገው ቆብ ያለበት ዲናር አስመታ፤ ታሪክ ጸሐፊው ካሲየስ ዲዮ ከ200 ዓመት በላይ ቆይቶ ያንን ምስል ከነትርጉሙ መዝግቦታል። የጢባርዮስ ቀኝ እጅ የነበረው ሴያነስ እ.ኤ.አ. በ31 ሲገደል ደግሞ፣ ስፔን ውስጥ በቢልቢሊስ ከተማ ከተመቱ የነሐስ ሳንቲሞች ላይ ስሙን ፍቀው ያጠፉ ሰዎች ነበሩ። ማንም የማያነበውን ስም ለመፋቅ የሚደክም የለም።

ምስሉ ከግዛቱ ድንበር ሲወጣ ሥልጣኑን ያጣል፣ ማዕድኑ ግን አያጣም። በደቡብ ሕንድ ተቀብረው ከተገኙት ዲናሮች አብዛኞቹ የአውግስጦስና የጢባርዮስ፣ ማለትም ኔሮን ከማርከሱ በፊት የተመቱት መሆናቸው ነጋዴው ምን ይመዝን እንደነበር ያሳያል። በ1ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የጉዞ መመሪያ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡ ዕቃዎች መካከል እዚያ ለሚኖሩ የውጭ ሰዎች የሚሆን ጥቂት ዲናር ይቆጥራል። ኤርትራ ውስጥ መጠራ ላይ በቁፋሮ በወጣው የአክሱም ዘመን ሀብት ውስጥ ደግሞ 14 የሮማ ሳንቲሞች ማንጠልጠያ ተበጅቶላቸው፣ ከወርቅ ጌጦች ጋር ተገኝተዋል፤ የቄሣሩ ፊት የአንገት ጌጥ ሆኗል።

ከሁሉ የሚከብደኝ ተቃውሞ ግን ስብስቡ ራሱ ዘረፋን ይመግባል የሚለው ነው። እውነት አለበት። እንግሊዝ ውስጥ ፍሮም አጠገብ እ.ኤ.አ. በ2010 በብረት መፈለጊያ መሣሪያ ማሰሮ ያገኘ ሰው ቁፋሮውን አቁሞ ባለሙያዎችን ጠራ። 52,503 ሳንቲሞች ንብርብር በንብርብር ሲወጡ፣ በዕድሜ የመጨረሻዎቹ ከሆኑት የብሪታንያው ገዢ የካራውሲየስ ሳንቲሞች ብዙዎቹ ከማሰሮው ወገብ በታች ተገኙ። ገንዘቡ በየጊዜው የተጠራቀመ ቢሆን ኖሮ አዲሶቹ ከላይ በሆኑ ነበር፤ ስለዚህ በአንድ ጊዜ የተቀበረ መሆኑ ታወቀ። ያ ሰው ማሰሮውን ገልብጦ ቢሸጥ ኖሮ እያንዳንዱ ሳንቲም ይተርፍ ነበር፣ ይህ ዕውቀት ግን ይጠፋ ነበር። በሌላ በኩል ለንደን ላይ እ.ኤ.አ. በ2020 ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ የተሸጠው የብሩተስ የወርቅ ሳንቲም፣ የቀረበለት የባለቤትነት ታሪክ ሐሰት መሆኑ ተደርሶበት በ2023 ለግሪክ ተመልሷል። ስብስብ ሁሉ ይቅር ማለት አይደለም። የእንግሊዝ ሕግ የተገኘ የተቀበረ ሀብት እንዲመዘገብ ያዝዛል፤ ሙዚየሞች ያልወሰዱትም ለባለ መብቶቹ ተመልሶ በግልጽ ሊሸጥ ይችላል። በዚህ መንገድ የሚመጡ ተራ የ3ኛው ክፍለ ዘመን ሳንቲሞችን ከነመዝገባቸው መግዛት ይቻላል፤ መዝገብ የሌለውን ግን፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ሻጩ ከየት እንዳመጣው እስኪያሳይ መተው ነው።