ገመዱን ወጥሩት፣ ኮምፔንሳቶውን አንሱት

ጂዛን የሚኖር ሐበሻ ሁሉ ቀዓዳን ያውቃታል፤ የሚያከብራት ግን ጥቂት ነው። አራት እግር፣ አራት አግዳሚ፣ በመካከሉ የተጠላለፈ ገመድ፤ አሠራሯ ይኸው ነው። በሳምጣ፣ በአቡ ዓሪሽ፣ በአሐድ አልመሳሪሓ፣ እስከ የመን ድንበር እስከ ጡዋል ድረስ በየቤቱ ደጅና በየእርሻው ዳስ ሥር ትታያለች። ቀን መቀመጫ፣ ማታ መኝታ ናት። የእኛ ሰው እንደመጣ እሷ ላይ ያድርና ደመወዝ ሲቀበል መጀመሪያ የሚገላገለው እሷን ነው። ወፍራም ስፖንጅ ፍራሽ ገዝቶ ይገባና ቀዓዳዋን ሻንጣ ይጭንባታል። ሳምንት ሳይሞላው "ላብ በላብ ሆኜ አደርኩ፣ ወገቤም አልቻለም" ማለት ይጀምራል። እኔ የምጽፈው ለዚህ ሰው ነው።

መጀመሪያ ስለ አየሩ። የጂዛን የዓመት አማካይ ሙቀት 30 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በዚህ የሚስተካከሏት የዓለም ከተሞች ጥቂቶች ናቸው። ሪያድ በበጋ ቀን ከጂዛን የባሰች ናት፤ ሆኖም አየሯ ደረቅ ስለሆነ ላብ ቶሎ ይተናል። ጂዛን ባለችበት በቲሃማ ሜዳ ላይ ግን የቀይ ባሕር እርጥበት ሌሊቱንም አይለቅም። ሰውነት የሚቀዘቅዘው ላብ ሲተን ነውና ስፖንጅ ውስጥ የሰጠመ ጀርባ ላቡን የሚያተንበት መንገድ የለውም። ቀዓዳ ላይ ነፋስ ከላይም ከሥርም ይገባል። እግሯ ከፍ ያለውም ለዚሁ ነው፤ ከጊንጥና ከእባብም ያርቃል። የድሮ የጂዛን ሰዎች ዑሻ በሚሉት ክብ የሣር ቤት ውስጥ፣ የእኛን ጎጆ በሚመስለው ማለት ነው፣ ቀዓዳዎችን ግድግዳ አስታከው ይደረድሩ ነበር። ሙቀቱ ሲጸና ወደ ግቢ ያወጧቸዋል። ደጅ የምታድሩ ግን አደራ፣ አጎበር አትርሱ። የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ከአፍሪካና ከደሴቶቿ ውጭ ለመጀመሪያ ጊዜ የተከሰተው እ.ኤ.አ. በ2000 እዚሁ ጂዛንና በጎረቤት የመን ነው፤ ወባም ለዚህ ቆላ እንግዳ አይደለችም።

እንጨቱ ብዙ ጊዜ ሲድር ነው፤ ይህ እኛ ቁርቁራ የምንለው ዛፍ ነው። ገመዱ የሚገመደው ከዱም ዘንባባ ቅጠል ነው። ዱም በአዋሽ ሸለቆ ሞልቷል፤ አፋሮች በቅጠሉ የሚሠሩትን ሰሌን ያየ ሰው የቀዓዳን ገመድ ሲዳስስ አዲስ አይሆንበትም።

"የድሃ አልጋ" የሚሏት ያበሳጩኛል። የሀገራችን ጠፍር አልጋ፣ የሱዳን አንገረብ፣ የሕንድ ቻርፓይ ሁሉም የእሷው ወገን ናቸው። ከ3,500 ዓመት በፊት በኑቢያ ከርማ ታላላቅ ሰዎች በአልጋቸው ላይ ተጋድመው ይቀበሩ ነበር። በ14ኛው መቶ ዘመን ሕንድን የጎበኘው ኢብን ባጡታ የዚያን አገር ቀላል አልጋ አይቶ፣ በራሱ የሚለጠጥ ስለሆነ ሌላ ማለስለሻ አያስፈልገውም ሲል መስክሯል። ሆሜር ደግሞ የኢታካው ንጉሥ ኦዲሴውስ በገዛ እጁ በሠራው አልጋ ላይ በቀይ ቀለም ያማረ የበሬ ጠፍር እንደወጠረ ይተርካል። ንጉሥ የተኛበት ጠፍር አልጋ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ፣ ወደ ገመዱ ውጥረት ልግባ።

ሳምጣ ውስጥ ገመድ የሚጠልፍ አንድ ሽማግሌ አውቃለሁ። ጓደኛዬ ቀዓዳውን ሊያሳድስ ሲሄድ አብሬው ነበርኩ። ሽማግሌው ስለ ዋጋ ከመነጋገሩ በፊት "ያ ወለዲ፣ የሚተኛበት ማነው?" አለው። "እኔ ነኝ፣ አባቴ" ሲለው ከራሱ እስከ እግሩ ተመለከተው፤ በጎኑ ይተኛ በጀርባው፣ ብቻውን ይሁን ከልጅ ጋር ጠየቀው። ከዚያ አንዱን አግዳሚ በተረከዙ ረግጦ ከራስጌ ጀመረ። እያንዳንዱን መስመር ይስብና የላላውን ትርፍ ወደሚቀጥለው ያሻግራል፤ የሳበው እንዳይመለስ በቀኝ እጁ የእንጨት ችንካር ሸጎጥ ያደርጋል። ትርፉ እየተጠራቀመ ግርጌ ሲደርስ ክንድ የሚያህል ገመድ ሆኖ ወጣ። ሲጨርስ መሐሉን በመዳፉ መታው፤ እንደ ከበሮ ድም አለ። ወገብ የሚያርፍበትን ቦታ ግን ሁለት ጊዜ መታው፤ አልተስማማውምና እንደገና ሳበው።

ያ ሰው በገበያ ዳር የሠራው፣ ትልልቆቹ የፍራሽ ፋብሪካዎች "ለደንበኛው ሰውነት የተመጠነ" እያሉ በብዙ ገንዘብ የሚሸጡትን ነገር ነው። የሰው ክብደት በአልጋ ላይ እኩል አይከፋፈልም። ዳሌና ወገብ ይከብዳሉ፤ ራስና እግር ይቀላሉ። ገመዱ ሲረግብ ዳሌ ይሰጥማል፣ አከርካሪ ይጎብጣል፣ ሰውየው ጎድጓዳ ውስጥ ተኮማትሮ ያድራል። ጥፋቱ የገመዱ አይደለም፤ ዓመት ሙሉ ሳያስወጥር የተኛበት ሰው ነው። ስንቱን ቤት ገብቼ ገመዱ መሬት ሊነካ የደረሰ ቀዓዳ አይቻለሁ! ባለቤቱ "ለስላሳ ነው፣ ይመቻል" ይለኛል። ይኸው ሰው ጠዋት ወገቡን ይዞ ነው የሚነሣው።

ሁለተኛው ስሕተት ከመጀመሪያው ይወለዳል፤ እኔን ይበልጥ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው። ወገቡ የታመመው ሰው ገመዱን እንደማስወጠር ኮምፔንሳቶ ቆርጦ በላዩ ያነጥፋል። "ወገብ የሚያመው ሰው ጠንካራ ነገር ላይ ይተኛ" የሚለው ምክር ከእናት ከአባት የተቀበልነው ነው፤ ሐኪሞችም ለብዙ ዘመን ብለውታል። እ.ኤ.አ. በ2003 ዘ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳየ። በስፔን ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ያለባቸው 313 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ ጠንካራ፣ ግማሾቹ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ፍራሽ ተሰጣቸው። ከ90 ቀን በኋላ ሲጠየቁ፣ ሲተኙም ሲነሡም ሕመሙ ይበልጥ የቀለላቸው መካከለኛው ላይ የተኙት ነበሩ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሳንቃ ላይ በጎኑ የተኛ ሰው ትከሻውና ዳሌው ብቻ ይነካሉ፤ ወገቡ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ያድራል፣ ጡንቻውም ሌሊቱን ሙሉ እሱን ይዞ ሲደክም ያነጋል። በልኩ የተወጠረ ገመድ ትከሻና ዳሌ ትንሽ እንዲገቡ ይፈቅድና ወገቡን ከሥር ይደግፋል። ኮምፔንሳቶ ይህን ያጠፋል፤ በዚያ ላይ ነፋሱን ይዘጋል። የጂዛን እርጥበት በሳንቃውና በፍራሹ መካከል ይታሰርና ሻጋታ ያበቅላል። አንድ ቀን ፍራሻችሁን ገልብጣችሁ ሥሩን እዩት፤ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ መልሱ እሱ ነው።

ልኩን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። በጀርባችሁ ተጋደሙና ሰው መዳፉን በወገባችሁ ሥር ያሳልፍ። ያለ ምንም ችግር ገብቶ ከወጣና ክፍተት ከተረፈ አልጋው ጠንክሯል። ጭራሽ ካልገባና ዳሌያችሁ ወደ ታች ከሄደ ረግቧል። መዳፉ ገላችሁን እየታከከ ካለፈ ደኅና ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከጠፍር አልጋ አገር የመጣን ሰዎች ልብ እንበል። ጠፍር ሲረጥብ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ስለዚህ ባላገር ዘፍዝፎ ይወጥረውና የቀረውን ፀሐይ ትጨርስለታለች። የተገመደ የቅጠል ገመድ ጠባዩ ተቃራኒ ነው። ሲረጥብ ይወፍራል፣ በወፈረ መጠን ያጥርና ይከርራል፤ ሲደርቅ ተመልሶ ይላላል። የጠፍሩን ዘዴ ለቀዓዳ አውሎ ውኃ የሚያርከፈክፍባት ሰው ማታ የከረረ አልጋ አግኝቶ ይደሰታል፤ ገመዱ በደረቀ ጊዜ ረግቦ ያገኘዋል። ደጋግሞ ሲያደርገው ቅጠሉ ይበሰብሳል። አዲስ ቀዓዳ በተሠራ በሳምንታት ውስጥ መርገቡም ከዚሁ የመጣ ነው፤ ቅጠሉ ሲገመድ ርጥብ ነበርና። ያን ጊዜ ወደ ጠላፊው መልሳችሁ ውሰዱት እንጂ "አታለለኝ" አትበሉ።

ከላይ ምን ይነጠፍ? ለብዙ ሰው ስስ የጥጥ ፍራሽ ይበቃል። ላብ ይጠጣል፣ ፀሐይ ሲመታው ይታደሳል፣ ሲጠፈጠፍ ይፈታል።

ገንዘብ ያለው ደግሞ የተፈጥሮ ላቴክስ ፍራሽ ቢፈልግ አልቃወምም። ላቴክስ የጎማ ዛፍ ነጭ ወተት ነው፤ ዛፉ መነሻው አማዞን ሲሆን ዛሬ በብዛት የሚለማው በታይላንድ፣ በኢንዶኔዥያ፣ በቬትናም፣ በሕንዷ ኬረላና በስሪ ላንካ ነው። ወተቱን ደብድቦ አረፋ በማድረግና በመጋገር ፍራሽ የመሥራቱን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1929 ያገኙት የእንግሊዙ የደንሎፕ ኩባንያ ባለሙያዎች ናቸው። "ላቴክስ" የተባለ ሁሉ ግን ከዛፍ አይደለም፤ ከነዳጅ ዘይት ተዋጽኦ የሚሠራ ሰው ሠራሽ ላቴክስ አለ፣ ሁለቱ የተቀላቀሉበትም አለ። "100 ፐርሰንት ላቴክስ" የሚል ጽሑፍ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም፤ "የተፈጥሮ" የሚለውን ፈልጉ። ኦርጋኒክ ነው ከተባላችሁ ጎልስ የተባለውን የምስክር ወረቀት ጠይቁ፤ ያ ምልክት ከ95 በመቶ የሚበልጠው ጥሬ ዕቃ በኦርጋኒክ እርሻ የለማ እንዲሆን ያስገድዳል። ጎማ ሲነካው ቆዳው የሚያብጥ ሰው ከመግዛቱ በፊት ሐኪም ያማክር።

ምርጡ ዓይነት ዚፕ ባለው ሽፋን ውስጥ ሁለት ሦስት ንጣፍ ተደራርቦ የሚመጣው ነው። ጠንካራው ከሥር፣ ለስላሳው ከላይ ይሆናል፤ ካልተስማማችሁ ዚፑን ከፍታችሁ ቦታቸውን ትለዋውጣላችሁ። ባልና ሚስት የተለያየ ክብደት ካላቸው ለየጎናቸው የተለየ ንጣፍ ማዘዝ ይችላሉ። ቀዓዳ ያለው ሰው ግን ይህን ሁሉ መግዛት አይጠበቅበትም። የታችኛው ጠንካራ ንጣፍ የሚሠራውን ሥራ የተወጠረው ገመድ ይሠራዋል። ከ5 እስከ 8 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው አንድ ንጣፍ ብቻ ይበቃል፤ በጎን ለሚተኛ ለስላሳ፣ በጀርባ ለሚተኛ መካከለኛ። ሲገዛ ያልተቆጠበ ገንዘብ ኋላ አይገኝምና ሻጩ ሙሉውን ሊያስይዛችሁ ሲል እምቢ በሉ።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው አለ። የእኛ ሴቶች ቅዳሜ ፍራሽ ፀሐይ ላይ ማስጣት የንጽሕና ሁሉ መጀመሪያ ነው ብለው ያደጉ ናቸው፤ ለጥጥ እውነት ነው። ላቴክስን ግን ፀሐይ ይገድለዋል። ብርሃኑና ሙቀቱ ያደርቁታል፣ ወደ ቢጫ ይለወጣል፣ በጣት ሲነካ እንደ ፍርፋሪ ይረግፋል። የጂዛን ጣራ ላይ ደጋግሞ የተሰጣ ላቴክስ ዕድሜው አጭር ነው። ጥላ ሥር ነፋስ አስመቱት፣ ሽፋኑን ብቻ እጠቡ። ፍራሹ የመጣበትንም ላስቲክ ቅደዱና ጣሉት፤ "እንዳይቆሽሽ" ተብሎ ላስቲክ ላይ የተተኛበት ፍራሽ ከስፖንጁ የሚለይበት ነገር የለም።

ገመድ ጠላፊ የምትፈልጉ በየከተማው የገበያ ቀን ጠያይቁ፤ የአሐድ አልመሳሪሓ እሑድ፣ የሳምጣ ሰኞ፣ የሰብያ ማክሰኞ፣ የአቡ ዓሪሽ ረቡዕ ነው። የሚተኛበትን ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ ሳይጠይቃችሁ መጥለፍ የሚጀምር ካጋጠማችሁ ወደ ሌላው እለፉ።