ጆሮ ይማራል፦ የኦርኬስትራ ሙዚቃ ደስታ ከየት ይመጣል?

የሲምፎኒ ኮንሰርት ሊጀመር ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው መድረክ ላይ ያሉት ሙዚቀኞች በአንድ ጊዜ ዝም ይላሉ። ኦቦ የተባለውን የትንፋሽ መሣሪያ የሚጫወተው ብቻ አንድ ረጅምና ቀጥ ያለ ድምፅ ይነፋል። «ላ» የሚባለው ድምፅ ነው። ሌሎቹ ሁሉ መሣሪያቸውን በእርሱ ይቃኛሉ። ይህ ድምፅ አየሩን በሰከንድ 440 ጊዜ ያርገበግበዋል። ልኩ እ.ኤ.አ. በ1939 ለንደን ላይ በተካሄደ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተመክሮበት፣ በ1955 የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት መለኪያ ሆኗል። ይሁንና ብዙ የአውሮፓ ኦርኬስትራዎች ዛሬም ትንሽ ከፍ አድርገው በ442 ወይም በ443 ይቃኛሉ። ኦቦ የተመረጠው ድምፁ የማይዋዥቅና በብዙ መሣሪያ መካከል እንኳ ጥርት ብሎ የሚሰማ በመሆኑ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሙዚቃ ብዙ ሰው «ይህ የተማሩ ሰዎች ነው፤ ለእኔ ጆሮ አይሆንም» እያለ ያልፈዋል። ሳይንሱ ግን በዚህ አይስማማም። ኦርኬስትራ የሚያጣጥም ጆሮ ይዞ የሚወለድ የለም። ጆሮና አንጎል ይህን ደስታ እየሰሙ ይማሩታል። እንዴት እንደሚማሩት ለማየት ድምፁን ከመሣሪያው ተነስተን እስከ አንጎል ድረስ እንከተለው።

ሰማንያ ሰው፣ አንድ ድምፅ

ሁለት ቫዮሊኖች አንዱ በ440፣ ሌላው በ442 ቢቃኙ ድምፃቸው በሰከንድ ሁለት ጊዜ ከፍ ዝቅ እያለ ሲርገበገብ ይሰማል። ሙዚቀኛው ሲቃኝ የሚያደምጠው ይህንኑ መርገብገብ ነው። ክሩን ሲያጠብቅ ወይም ሲያላላ መርገብገቡ እየዘገየ ይሄድና ይጠፋል። ያን ጊዜ ቅኝቱ ገጥሟል።

ትልቅ የሲምፎኒ ኦርኬስትራ ከ80 እስከ 100 የሚደርስ ሙዚቀኛ አለው። ከእነዚህ ውስጥ ቫዮሊን የሚጫወቱት ብቻ 30 ያህል ሲሆኑ ትራምፔት የሚነፉት ግን ሁለት ወይም ሦስት ናቸው። ምክንያቱ የጆሮአችን ባሕርይ ነው። በአንድ ቫዮሊን ቦታ አሥር ቫዮሊን ቢጫወት የድምፁ መጠን የሚጨምረው በ10 ዴሲቤል ነው፤ ጆሮአችንም ይህን የሚሰማው አሥር እጥፍ ሆኖ ሳይሆን እጥፍ ያህል ሆኖ ነው። ስለዚህ ለስላሳው ባለ ክር መሣሪያ እንደ ትራምፔት ካለው ጠንካራ የናስ መሣሪያ ጋር ለመመጣጠን ብዛት ያስፈልገዋል። ብዛቱ ሌላም ጥቅም አለው። አሥራ ስድስት ቫዮሊኖች አንድ ዜማ ሲጫወቱ ቅኝታቸው ፍጹም አንድ ሊሆን አይችልም። ከዚያች ጥቃቅን ልዩነት ነው አንድ ቫዮሊን ብቻውን የማይሰጠው ሰፊና ሙሉ ድምፅ የሚወለደው።

ድምፅ 20 ዲግሪ ሙቀት ባለው አየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሁለት ሙዚቀኞች በመድረኩ ሁለት ጫፍ በ17 ሜትር ተራርቀው ቢቀመጡ የአንዱ ድምፅ ሌላው ጋ የሚደርሰው ከሰከንድ አንድ ሃያኛ ያህል ዘግይቶ ነው። ለፈጣን ዜማ ይህ ብዙ ነው። ከኋላ የተቀመጠው ሙዚቀኛ የሩቁን ጓደኛውን ድምፅ ሰምቶ ልግባ ቢል ይዘገያል። የኦርኬስትራው መሪ እጅ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ ብርሃን ከድምፅ ይቀድማልና። ጎበዝ የኦርኬስትራ ተጫዋች በዓይኑ መሪውን ይከተላል፣ በጆሮው ጎረቤቱን ይሰማል፣ በእጁ ደግሞ ገና የሚመጣውን ያዘጋጃል።

የድምፅ ቀለም

ኦቦውም ቫዮሊኑም ያንኑ «ላ» ሲጫወቱ ማንኛችንም አናምታታቸውም። ለምን? መሣሪያ አንድ ድምፅ ሲያወጣ የሚርገበገበው በ440 ብቻ አይደለም። በ880፣ በ1320፣ በ1760 እያለ የሚቀጥሉ ተደራቢ ድምፆችም አብረው ይወጣሉ። የእነዚህ ተደራቢዎች ብርታት ከመሣሪያ መሣሪያ ይለያያል። ክላርኔት በወፍራሙ የድምፁ ክልል ውስጥ በአብዛኛው ጎዶሎ ቁጥር ያላቸውን ተደራቢዎች ያጎላል፤ ያ ድፍን ያለ ልስላሴው የመጣው ከዚህ ነው። ሙዚቀኞች የድምፅ ቀለም የሚሉት ይህንን ነው።

የቫዮሊን ድምፅ የሚወጣበት መንገድ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በማሲንቆም በቫዮሊንም ደጋኑ የሚሠራው በፈረስ ጭራ ሲሆን የፊዚክስ ሕጉም አንድ ነው። ጭራው ክሩን ይዞ ይስበዋል፤ ክሩ ሲወጠር ያመልጥና ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ጭራው እንደገና ይይዘዋል። «ላ» ሲጫወት ይህ መያዝና መልቀቅ በሰከንድ 440 ጊዜ ይደጋገማል።

አዳራሹም ይጫወታል

እ.ኤ.አ. በ1895 ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አንድ ችግር ገጠመው። በአዲሱ የፎግ ሙዚየም ውስጥ ባለው የንግግር አዳራሽ ድምፅ ከአምስት ሰከንድ በላይ ስለሚያስተጋባ ተማሪዎች መምህሩን መስማት አቃታቸው። ጉዳዩ ለወጣቱ የፊዚክስ መምህር ለዋላስ ክሌመንት ሳቢን ተሰጠ። ሳቢን የኦርጋን ቧንቧና ሰዓት ይዞ፣ ሌሊት ከተማው ጸጥ ሲል፣ ከአንድ ቲያትር ቤት ያስመጣቸውን የወንበር ትራሶች በአዳራሹ ውስጥ እየጨመረና እየቀነሰ ድምፁ እስኪጠፋ የሚፈጀውን ጊዜ ለካ። በመጨረሻ ሕጉን አገኘው፦ ድምፅ የሚቆይበት ጊዜ ከአዳራሹ ስፋት ጋር ያድጋል፤ ድምፅ መጣጭ ነገር በበዛ ቁጥር ደግሞ ያጥራል።

ይህ ቀመር ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ የሙዚቃ አዳራሽ ለመንደፍ ያገለገለው በቦስተን ነው። እ.ኤ.አ. በ1900 የተከፈተው የቦስተን ሲምፎኒ አዳራሽ እስከ ዛሬ በዓለም ምርጥ ከሚባሉት አንዱ ነው። አዳራሹ በሰው ሲሞላ ድምፅ ሁለት ሰከንድ ለማይሞላ ጊዜ ይቆይበታል። ንግግር ለመስማት ይህ ረዥም ነው፤ ለሲምፎኒ ግን አንዱን ድምፅ ከሚቀጥለው ጋር ለማያያዝ የሚበቃ፣ ዜማውን ለማደብዘዝ ደግሞ የማይበቃ ልክ ነው። አድማጩም የአዳራሹ ክፍል ነው። ልብስ የለበሰ ሰው ድምፅ ስለሚመጥ ባዶ አዳራሽ ውስጥ የተለማመደ ኦርኬስትራ ማታ ሕዝቡ ሲገባ ሌላ ድምፅ ያገኛል።

ከጆሮ ወደ አንጎል

ድምፁ የጆሮ ታምቡርን መትቶ በሦስት ጥቃቅን አጥንቶች በኩል ወደ ውስጠኛው ጆሮ ይገባል። እዚያ ኮክሊያ የሚባል፣ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተጠቀለለና በፈሳሽ የተሞላ አካል አለ። በርዝመቱ የተዘረጋው ስስ ሽፋን ቀጭን ድምፅን በመግቢያው አካባቢ፣ ወፍራም ድምፅን በጫፉ ይቀበላል። ይህን አሠራር ያጠናው ጌኦርግ ፎን ቤኬሺ እ.ኤ.አ. በ1961 የኖቤል ሽልማት ተሸልሞበታል። በሽፋኑ ላይ የተደረደሩት 3,500 ያህል የውስጥ ፀጉር መሰል ህዋሳት መርገብገቡን ወደ ኤሌክትሪክ መልእክት ለውጠው ወደ አንጎል ይልካሉ። አንድ መቶ ሰው የሚያወጣውን ድምፅ ሁሉ በየፈርጁ የሚለዩልን እነዚህ ጥቂት ሺህ ህዋሳት ናቸው።

መጠበቅና ማግኘት

አንጎል የመጣለትን ድምፅ ብቻ ተቀብሎ ዝም አይልም። ቀጥሎ የሚመጣውን ይገምታል። እ.ኤ.አ. በ2011 ሞንትሪያል በሚገኘው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሙዚቃ ሲሰሙ ሰውነታቸውን ውርር የሚያደርጋቸውን ሰዎች አንጎል መርምረው ነበር። ሰዎቹ የሚወዱትን ሙዚቃ ሲሰሙ ከደስታና ከፍላጎት ጋር የተያያዘው ዶፓሚን የተባለ ንጥረ ነገር በአንጎላቸው ውስጥ ተለቀቀ። በጣም የሚገርመው ጊዜው ነው። በአንደኛው የአንጎል ክፍል ዶፓሚኑ የሚለቀቀው የሚወዱት ቦታ ሲደርስ ሲሆን በሌላው ክፍል ግን ቀድሞ፣ ሊመጣ ነው ብለው ሲጠብቁ ነው። ስለዚህ የሙዚቃ ደስታ ሁለት እግር አለው፤ አንዱ መጠበቅ፣ ሌላው ማግኘት።

ቤትሆቨን ይህን ያለ ላቦራቶሪ ያውቀው ነበር። አምስተኛው ሲምፎኒው መጀመሪያ የተሰማው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 22 ቀን 1808 በቪየና፣ ማሞቂያ በሌለው ቀዝቃዛ አዳራሽ፣ አራት ሰዓት ገደማ በፈጀ ኮንሰርት ላይ ነው። ሥራው የሚከፈተው በአራት ድምፆች ነው፤ ሦስት አጭር፣ አንድ ረጅም። ይህች ትንሽ ምት በመጀመሪያው ክፍል ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ እየተቀባበለች ስለምትመላለስ አንጎል ወዲያው ይለምዳትና መጠበቅ ይጀምራል። በሦስተኛው ክፍል ሆርኖቹ ያንኑ ምት በሌላ መልክ ያመጡታል። ከዚያ ሙዚቃው እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ይሄድና ቲምፓኒ የተባለው ከበሮ ብቻ በቀስታ ሲመታ ክሮቹ ከሥር ይጎትታሉ። አድማጩ አንድ ነገር እንደሚመጣ ያውቃል፤ መቼ እንደሆነ ግን አያውቅም። በመጨረሻ ያለ ምንም ዕረፍት መላው ኦርኬስትራ በብርሃናማ ቅኝት ይፈነዳል። እስከዚያ ድረስ ዝም ብለው የተቀመጡት ትሮምቦኖችም የሚገቡት ገና በዚህ ቅጽበት ነው። ያን መጠበቅ የቀመሰ ሰው ፍንዳታው ሲመጣ ውርር ቢለው አያስደንቅም።

ጆሮ ያደገበትን ይጠብቃል

ለመጠበቅ ግን ማወቅ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት በቦሊቪያ የአማዞን አካባቢ የሚኖሩትንና ከምዕራባዊ ሙዚቃ ብዙም ያልተገናኙትን የጺማኔ ሕዝቦች መረመረ። ምዕራባዊ ጆሮ «ይስማማል» የሚለውንና «ይጋጫል» የሚለውን የድምፅ ጥምረት ጺማኔዎቹ እኩል ወደዱ። ብዙዎች ተፈጥሯዊ ነው ብለው ያመኑበት ምርጫ በመስማት የተገኘ ሆኖ ተገኘ።

በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺሆዬ ያደገ ጆሮም አምስት ድምፆችን ይዞ የት እንደሚያርፍ ሳይነገረው ያውቃል። ሰባትና አሥራ ሁለት ድምፅ የሚጠቀመው ሲምፎኒ በመጀመሪያ ሲሰማው ማረፊያው የጠፋበት ይመስላል። ይህ የጆሮ ድክመት አይደለም፤ ትምህርቱ ገና አልተጀመረም ማለት ነው። ሁለቱን ዓለም የተማሩ ኢትዮጵያውያንም አሉ። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በልጅነታቸው በስዊዘርላንድ ቫዮሊን ተምረዋል፤ በኋላ በፒያኖ የደረሷቸው ሥራዎች የአገራቸውን ዜማና የአውሮፓን ክላሲካል በአንድ እስትንፋስ ይናገራሉ። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደም የኢትዮጵያን ዜማ ወደ ኦርኬስትራ ያመጡ ባለሙያ ነበሩ።

ለሚጫወትም ለሚሰማም

ሙዚቃ መጫወት አንጎልን ይቀርጻል። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ ጥናት ከሰባት ዓመታቸው በፊት መሣሪያ መጫወት በጀመሩ ሙዚቀኞች ላይ ሁለቱን የአንጎል ክፍሎች የሚያገናኘው የነርቭ ጥቅል የፊት ክፍሉ ከሌሎች ሰዎች ሰፍቶ መገኘቱን አሳይቷል። ማዳመጥ ብቻ ግን ብልህ ያደርጋል የሚለው ወሬ ከሚገባው በላይ ተጋኗል። እ.ኤ.አ. በ1993 በታተመ ጥናት የሞዛርትን ሥራ የሰሙ የኮሌጅ ተማሪዎች በአንድ ዓይነት የቅርጽ ፈተና ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ለሚሆን ጊዜ ብቻ የተሻለ ውጤት አመጡ። ጥናቱ ሕፃናትን አልነካም፤ የኋላ ጥናቶችም ውጤቱን አነስተኛ ሆኖ ነው ያገኙት። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1998 የአሜሪካዋ ጆርጂያ ግዛት አገረ ገዥ ለሚወለድ ሕፃን ሁሉ የክላሲካል ሙዚቃ ቅጂ እንዲሰጥ በጀት ጠይቀው ነበር። ሙዚቃን ለልጅ ማሰማት መልካም ነው፤ ምክንያቱ ግን ሙዚቃው ራሱ ይሁን።

የሚጫወት ሰው ጆሮውንም ይጠብቅ። ባለሙያዎች ሰው በቀን ለስምንት ሰዓት ያለ ስጋት ሊሰማው ይችላል የሚሉት ወሰን 85 ዴሲቤል ነው። ከትራምፔትና ከትሮምቦን ፊት የሚቀመጥ ሙዚቀኛ ከዚህ በላይ ይሰማል። ፀጉር መሰል ህዋሳቱ አንዴ ከሞቱ አይተኩም። በዚህ ምክንያት ብዙ ኦርኬስትራዎች የጆሮ መከላከያና ከናሶቹ ፊት የሚቆም ግልጽ ጋሻ ይጠቀማሉ። በጆሮ ማዳመጫ ለሚሰማም ምክሩ ያው ነው።

ለጀማሪ አድማጭ የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ስምንት ደቂቃ እንኳ የማይሞላውን የአምስተኛውን ሲምፎኒ የመጀመሪያ ክፍል ይምረጡ። መጀመሪያ ዝም ብለው ይስሙት። ለሁለተኛ ጊዜ ሲሰሙት ያችን አራት ድምፅ የትኛው መሣሪያ እንደሚያነሳት ይከታተሉ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲሰሙት ከዜማው ሥር ያለውን የወፍራሞቹን ክሮች መንገድ ብቻ ይስሙ። መካከሉን ካለፉ በኋላ ሁሉም ቀጥ ብሎ አንድ ኦቦ ብቻውን የሚያዜምበትን ቦታ ይጠብቁ። ይህን ቦታ ገና ሳይመጣ መጠበቅ ሲጀምሩ ጆሮዎ ተምሯል ማለት ነው። ሌላውን አንጎልዎ ይሠራዋል፤ እርስዎ ስልክዎን አስቀምጠው ጊዜውን ብቻ ይስጡት።